ሳይደርሱ ደረስን ስለ ማለት

ልጆቼ ሆይ፥ ከእኛ ይልቅ የተማራችሁ፥ ከእኛ ይልቅ ቋንቋ የምታውቁ፥ እኛ በወር የማንሰማውን ወሬ በቅጽበት የምትሰሙ ስለ ሆናችሁ፥ ዘመናችሁን ሳየው እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ምክንያት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጉልበቴ ዝሎ በጋምቤላ ከባሮ ወንዝ ዳር ከተቀመጥሁ ወዲህ፥ መንገዱን በእግሬ መሄድ ቢያቅተኝም መንገደኛውን በዓይኔ መከተል አልተውሁምና፥ ከጥቂት ዓመታት ጀምሮ በመካከላችሁ ሲሠለጥን ያየሁት አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ቆይቷል፤ አባትም ያየውን ነውር ለልጁ ሳይነግር ቢሞት ዕዳው በነፍሱ ላይ ነውና፥ ዛሬ ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፥ ባሮ ደፍርሶ መሙላት በጀመረበት ሰሞን፥ ከድልድዩ ወዲህ ባለች አንዲት ሻይ ቤት በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፥ ሦስት ወጣቶች በአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰፊ መዝገብ ዘረጉ። መዝገቡ ከወንዙ ማዶ፥ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ስለሚገኝ አንድ መንደር ነበረ፤ በዓምዶቹም የቤት ቁጥር፥ የቤተ ሰብ ብዛት፥ የአጎበር ብዛት፥ በትኩሳት የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩ ይጻፍባቸው ነበር። አንደኛው ብዕሩን አንሥቶ «ይህኛው ቤት ስንት ሰው ይሁን?» ሲል፥ ሁለተኛው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «አምስት በለው» አለ፤ «አጎበርስ?» ቢለው «ሁለት» አለው፤ «የታመመ?» ቢለው ደግሞ «የለም በል፤ አለ ካልህ ሌላ ቅጽ ያስሞላሃል» ሲል መለሰለት። እንዲህ እያሉ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ተቈጥሮ አለቀ፤ መኪና እስከሚሄድበት ሊያደርሳቸው የተከራዩት ባጃጅም ሞተሩን ሳያስነሣ በደጃፉ ቆሞ ነበር። እኔም ነገሩ እንዳልገባው ሽማግሌ ሆኜ «ልጆቼ፥ የዚያ መንደር መንገድ እንዴት ነው? ውሃው ዘጋው ወይስ ያስኬዳል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ብዕር የያዘው ልጅ ሳያፍር፥ እንዲያውም በትሕትና ጐንበስ ብሎ፥ «አባባ፥ ያው ነው» አለኝ።

ያው ነው! ይህን መልስ ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬን ሰጥቼ ብከታተለው፥ በየስፍራው የተዘራ ሆኖ አገኘሁት። ስለ ተሰበረ የውሃ ፓምፕ የሚጠየቀው፥ ነፋስ ስለ ገፈፈው የትምህርት ቤት ጣሪያ የሚጠየቀው፥ ጎርፍ ስለ ከበባቸው ሰዎች የሚጠየቀው ወጣት ሁሉ፥ ባለፈው ዓመት ከነበረው ወረቀት ላይ ገልብጦ «ያው ነው» ይላል። ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር፤ ወጣት መቼም ይሰንፋል፥ ሲያድግም ይተዋል። ይህ ግን በሙሴ ጽላት ላይ የተከለከለው የሐሰት ምስክርነት ነው፤ እናንተ ሐሰተኛ ምስክር የሚባለው በዳኛ ፊት ቀርቦ በመጽሐፍ ምሎ የዋሸ ሰው ብቻ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ያላየውን ቤት አየሁ ብሎ በመዝገብ የጻፈና ፊርማውን ከሥሩ ያኖረ ሰው፥ ዳኛው በዚያ ሰዓት በፊቱ አልተቀመጠም እንጂ፥ ምስክርነቱን በጽሑፍ ሰጥቷል።

በመጽሐፈ ነገሥት የተነገረውን የኤልሳዕን ሎሌ የግያዝን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ግያዝ ከንዕማን ዘንድ ብርና ልብስ ለመቀበል በስውር ሮጦ ከተመለሰ በኋላ፥ ጌታው ከወዴት እንደ መጣ ቢጠይቀው የትም እንዳልሄደ አድርጎ ካደ፤ ስለዚህም የንዕማን ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ተጣበቀ። እንግዲህ ሄዶ ሳለ አልሄድሁም ያለ ሰው ይህን ያህል ከተቀጣ፥ ሳይሄድ ሄድሁ የሚለውን ምን ይጠብቀው ይሆን? ደግሞም ሙሴ ምድረ ከነዓንን እንዲሰልሉ የላካቸውን ዐሥራ ሁለቱን ሰዎች አስቡ። ዐሥሩ ክፉ ወሬ ይዘው መጥተው የሕዝቡን ልብ አቅልጠዋልና እስከ ዛሬ ሲነቀፉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን እነዚያ የሚነቀፉት ዐሥሩ እንኳ አርባ ቀን ሙሉ አገሩን በእግራቸው ዞረዋል፥ የቅጥሩን ከፍታ በዓይናቸው አይተዋል፥ የፈሩትም ያዩትን ነው። በኒም ጥላ ሥር የተሞላው መዝገብ ግን ከፈሪዎቹ ሰላዮች ወሬ እንኳ ያንሳል።

ይህን የምለው በወጣትነታችሁ ቀንቼ አይደለም፤ እኔም ይህንኑ መዝገብ ተሸክሜ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ነው። የተወለድሁት በደጋው፥ በጎሬ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. በዘለቀው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ የተነገረው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነበር፤ በዚያው በ1951 ዓ.ም. መንግሥት የወባ ማጥፊያውን ድርጅት አቋቋመ፤ ጋምቤላም ከዚያ ቀደም ብሎ የመከላከያው ሥራ ለሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዚህ ሥራ ተቀጥሬ፥ በቡሬ አድርጌ፥ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከጎሬ ደጋ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ወዳለው ወደ ባሮ ሜዳ ስወርድ፥ ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ከዕቃዬ ጋራ ያሰርሁት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብርድ ብዬ የለበስሁት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ያን ጊዜ በዚህ ቆላ መንገድ ሄደ የተባለ ሰው በእግሩ ሄደ ማለት ነበረ። በደጋ የለመድነው በቅሎ የቆላ ዝንብ በምታስተላልፈው በገንዲ እየከሳ ይወድቃል፤ ጥቁሩ መሬት ክረምት ሲገባ መኪና አያስጠጋም፤ ከኢታንግ በታች፥ ወደ ጅካዎና ወደ አኮቦ ደግሞ ምድሩ ሁሉ ውሃ ይተኛበታልና ወይ በታንኳ ወይ በጉልበት ነው። እኛም የመርጫውን ጣሳ በጀርባችን፥ የዲዲቲውን ዱቄት በከረጢት፥ የደም ናሙና የሚቀባበትን መስተዋት በእንጨት ሣጥን፥ የትኩሳቱን ክኒን በብብታችን ይዘን፥ ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዝን ቤቱን በሥራችን ንድፍ ላይ እናሰፍራለን፥ በመቃኑ ላይ ቁጥር እንጽፋለን፥ ባለቤቶቹ እህሉንና ዕቃውን ካወጡ በኋላ የውስጡን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንረጫለን።

መንገድ መሄድን ያስተማሩኝ አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ናቸው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና፥ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲላክ አባቱ አስቀድሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፈልግ እንዳለው፥ እርሱም ፈልጎ ሳያውቀው ቅዱስ ሩፋኤልን እንዳገኘ፥ እኔም እሳቸውን ያገኘሁት ደመወዜ አስገኝቶልኝ ሳይሆን በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሌሊት አጥቢያ ኮከብ ሲወጣ ይቀሰቅሱኛል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለ ሆነ ጤዛው ደረትን ያረጥባል፥ እሳቸውም ፊት ፊት እየሄዱ በበትራቸው ሣሩን ግራና ቀኝ ይከፍሉልኛል። ወንዝ ሲደርሱ ቶሎ አይገቡም። በዳር ቆመው የውሃውን ገጽ ለረጅም ጊዜ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ዛሬ የወረዱበትን ስፍራ ይጠይቃሉ፥ ትናንት የወረዱበትን አይደለም፤ ምክንያቱም አዞ ቦታውን ይለዋውጣል። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ፥ ከሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አንዱ፥ በዚሁ በባሮ ሲዋኝ አዞ እንደ በላው በከተማችን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ሽማግሌው ከገቡ በኋላም እግራቸውን አያነሡም፤ በወንዙ ወለል ላይ እየጎተቱ፥ በትሩን ወደ ፊት እየተከሉ፥ የረገጡትን አጽንተው ሌላውን እየረገጡ ይሻገራሉ፤ እኔም የመርጫውን ጣሳ በራሴ ተሸክሜ የእሳቸውን የእግር ፋና በውሃ ውስጥ እከተላለሁ። መንደር ሲደርሱ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ድምፃቸውን ያሰማሉ፥ ሰው ወጥቶ እስኪያያቸውም ይጠብቃሉ፤ በኑዌሮች መንደር ከሆነ ከብቶቹ ወደሚያድሩበት ወደ ሉዋክ ሳያስፈቅዱ አይጠጉም። ይህን ሁሉ በማድረጋቸው ቀኑ ይረዝማል፤ እኔ ወጣቱ እቸኩላለሁ፥ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ስለ ችኮላዬ ብለው እርምጃቸውን አልለወጡም።

ከጊሎ ወንዝ ወዲህ ባለ አንድ መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። ሥራችንን ጨርሰን፥ መዝገቡን ዘግተን፥ ፀሐይም ልትጠልቅ ስለ ነበረ ወደ ማደሪያችን ልንመለስ ስንል፥ ሽማግሌው ከረግረጉ ማዶ የምትታይ አንዲት የጭስ ክር በበትራቸው አመለከቱኝ። በመዝገቤ ብመለከት ያች ቤት ቁጥር አላት፥ ከቁጥሯም ትይዩ በቀደመው ዙር በሌላ ሠራተኛ እጅ «ተረጭቷል» ተብሎ ተጽፏል። ይህንኑ ብነግራቸው መልስ ሳይሰጡ ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ረግረጉ ገቡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። በቤቱ ውስጥ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋራ ነበረች፤ ከሦስቱም ሁለቱ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው ተነፍቶ፥ ታናሹ በትኩሳት ይነድ ነበር። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ቀርበው ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች ጎተቱትና በመብራት አሳዩኝ። የተረጨ ግድግዳ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት እንደሚተው የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጣታቸው ላይ የነበረው ግን ጥላሸት ብቻ ነው። ሴትየዋንም ቢጠይቋት፥ እንደ እኛ ያለ ሰው ከረግረጉ ወዲህ ተሻግሮ ያየችበት ቀን እንደሌለ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ወረቀቱ ደርሶ ነበር፤ ሰውየው ግን አልደረሰም» አሉኝ። ክኒኑን ሰጠን፥ ደሙን በመስተዋት ቀባን፥ በማግሥቱም ተመልሰን ቤቱን ረጨን፤ ነገር ግን ታናሹ ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ።

እንግዲህ እናንተ «አምስት በለው፥ ሁለት በለው» ስትባባሉ እኔ ለምን ሻይ መጠጣት እንዳቃተኝ ከዚህ ተረዱልኝ። በመዝገብ ላይ ሁለት አጎበር አለው ተብሎ የተጻፈ ቤት አጎበር አይላክለትም፤ የታመመ የለም የተባለ መንደር መድኃኒት አይመደብለትም፤ ሰው የሌለበት የተባለ ቤት ጎርፍ ሲመጣ ታንኳ አይሄድለትም። አዲስ አበባ የተቀመጠው ሹም፥ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፥ የእናንተን መዝገብ ነው እንጂ መንደሩን አያይም፤ እንዲያይለት የከፈለበት ዓይን የእናንተ ዓይን ነበር። በረግረግ ማዶ ያለችው እናት ደግሞ አቤት የምትልበት አፍ የላትም፤ በመንግሥት ዘንድ ያላት አፍ የእናንተ ብዕር ነው፥ እርሱም በስሟ ዋሸ።

እግር ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማወቅ የፈንጣጣን ነገር አስታውሱ። በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ የመጨረሻው በሽተኛ በ1968 ዓ.ም. ክረምት ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ፈንጣጣ የያዘው ሰው አልታየም። ሄሊኮፕተርም ነበረ፥ መኪናም ነበረ፤ ሥራውን የጨረሱት ግን ቤት ለቤት፥ ጎጥ ለጎጥ በእግራቸው እየዞሩ ሽፍታ የወጣበት ሰው እንዳለ የጠየቁ፥ የለም ሲባሉም ገብተው ያዩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚያ መካከል በየጥላው ተቀምጠው «የለም በል» የሚሉ ቢበዙ ኖሮ፥ ያ በሽታ ዛሬ በልጆቻችሁ ፊት ላይ ይታይ ነበር።

ይህ አገር ራሱ በእግር የታወቀ አገር ነው። ኋላ ራስ ቢትወደድ የተባሉት ደጃዝማች ተሰማ ናደው በ1890 ዓ.ም. ከጎሬ ሠራዊት አሰልፈው ይህን ሜዳ አቋርጠው ሲወርዱ፥ የደጋው ወታደር በትኩሳትና በረግረግ ብዙ ቢጎዳም፥ የእሳቸው ሰዎች በዚያው ዓመት በሰኔ ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋራ ወደሚገናኝበት ስፍራ ደርሰዋል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ ክረምት ክረምት ከካርቱም በሚመጣው መርከብ የሚጫነው የጎሬና የሰዮ ቡና ቁልቁለቱን የወረደው በነጋድያን እግር ነው። ሥነ ሰብን የሚያጠናው እንግሊዛዊ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንኳ፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲሆን፥ በአኙዋ ምድር ተዘዋውሮ ያየውን ጻፈ፤ በ1933 ዓ.ም.ም የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ በጊሎና በአኮቦ አካባቢ ጣልያንን ተዋጋ። ባዕድ የሄደበትን መንገድ የአገሩ ልጅ ለመሄድ ቢጸየፍ፥ በታሪክ ፊት ምን መልስ ይሰጣል?

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የእኔን አፍ የሚዘጉት፥ ውዳሴ ሳይፈልጉ የተጓዙት ናቸው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ያመለጡ፥ አባትና እናት የሌላቸው ብዙ ሺህ ሕፃናት፥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው በዚሁ በእኛ አገር ወዳለችው ወደ ፒኙዶ ገቡ። ሲገቡ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፤ ከታላላቆቹ አንዱ፥ ታላቅ የምለው ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ነው፥ ከኋላው የተከተሉትን ትንንሾች በመስመር አስቁሞ በጣቱ እየነካ ይቈጥራቸው ነበር፤ ቁጥሩ አልሞላ ሲለው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ መጣበት መንገድ ተመልሶ ሄደ፥ ቆይቶም አንዱን በጀርባው አዝሎ መጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እነዚያው ልጆች ተመልሰው ሲሸሹ በሞላው በጊሎ ብዙዎቹ ሰጥመዋል፥ አዞም በልቷቸዋል። ያ ሕፃን መዝገብ አልነበረውም፥ ደመወዝ አልነበረውም፥ የሚቈጣጠረውም አለቃ አልነበረውም፤ ነገር ግን የጎደለውን «አለ በል» የሚለው ሰው ቢገኝ ኖሮ አይሰማውም ነበር።

ስለ ሌላው የመንገድ ሥርዓት ብዙ አልናገርም፥ ከዚህ ከዋናው ነገር ጋራ ሲተያይ ቀላል ነውና። ሳትጸልዩ ከቤት አትውጡ፥ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትጸልዩ። በቀትር አትጓዙ፤ ጠዋት ያጣችሁትን ሰዓት በፀሐይ ልትከፍሉት አትችሉም። የቀረበላችሁን ውሃ ተቀብላችሁ አመስግኑ፥ ካልታመነ ግን አፍልታችሁ ጠጡ። ከጭነታችሁ የሚበልጠው መድኃኒት እንጂ ልብስ አይሁን። መንገድ መሪውን ከኋላ አታስቀምጡት፥ ሲበላም ከእናንተ በፊት ይብላ። ከአኙዋ፥ ከኑዌር፥ ከመዠንግር፥ ከኦፖና ከኮሞ ቋንቋዎች ቢያንስ የአንዱን ሰላምታ ሳታውቁ በሰው ደጅ አትቁሙ። የደጋ ልጅ የሆንህ ደግሞ የቆላውን ሰው እያየህ አትሳቅ፤ ቆላው ሳይስቅብህ ሊቀበልህ ብዙ ዘመን ታግሧልና።

«አባባ፥ የእርስዎ ዘመን ሰላም ነበረ፤ ዛሬ መንገዱ ያስፈራል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፥ ሐሰትም አልተናገራችሁም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በጅካዎና በላሬ በኩል ከ200 በላይ ሰው ገድለው፥ ከ100 በላይ ሕፃናትን ከከብቱ ጋራ ነድተው ሲወስዱ፥ እኔም ከከተማው ሰው ጋራ አብሬ አልቅሻለሁ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በድንበሩ በፓጋግ በኩል የገባው ስደተኛ ብዙ ነው፤ ክልላችን ከ300 ሺህ በላይ ስደተኛ ተቀብሎ በሚኖርበት ሰዓት፥ መንገዱ እንደ ጥንቱ ነው ብል እኔ ራሴ የምነቅፈውን ሐሰት ተናገርሁ ማለት ነው። ባሮ ሞልቶ መንደር ሲከብብም ማንም ጤነኛ አባት ልጁን ግባ አይልም። ስለዚህ ሞትን ድፈሩ፥ ሽፍታ ባለበት ሂዱ፥ በሞላ ወንዝ ተሻገሩ አልላችሁም።

የምላችሁ ሌላ ነው፤ ያልደረሳችሁበትን «አልደረስንም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ በላይ ምንም አልጠይቃችሁም። «ወንዙ ስለ ሞላ አልደረስንም፥ ይህ መንደር አልታየም» የሚል አንድ መስመር፥ በሻይ ቤት ከተሞላ ሙሉ ገጽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ያች ባዶ መስመር ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው «ወደዚህ ሂድ» ትለዋለች፥ የተሞላው ገጽ ግን «አትድከም፥ ታይቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ያ የቀደመኝ ሠራተኛ በዚያች በረግረግ ማዶ ባለችው ቤት ትይዩ ምንም ባይጽፍ ኖሮ፥ እኔ በመጀመሪያው ቀን፥ በመጀመሪያው ሰዓት ወደዚያ በሄድሁ ነበር። አለቃችሁ ባዶ መስመር አይወድ ይሆናል፤ ይቈጣ፥ ደመወዝም ይቁረጥ፤ የሰው ቁጣ ያልፋል። ግያዝን የተከተለው ቁጣ ግን አላለፈለትም።

ደግሜ ወደዚያው ነገር ተመለስሁ፤ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ ነው የምትሉ ከሆነ በሉ። አንድ ነገር ብቻ የሚያመው ሰው እጁ ሁልጊዜ ወደዚያው ይሄዳል። ሞተር ብስክሌት ብትጋልቡ አልጠላም፥ ባጃጅ ብትከራዩም ገንዘባችሁ ነው፥ ስልካችሁ መንገዱን ቢያሳያችሁም ደስ ይለኛል፤ እኔ ስለ እግር የማወራው ጉልበቴን ለማስመስገን አይደለምና። ነገር ግን መኪናው የሚቆምበት፥ ባጃጁ የሚመለስበት፥ ስልኩ ዝም የሚልበት ስፍራ በዚህ አገር ገና አለ፥ ለብዙ ዘመንም ይኖራል፤ የችግረኛው ቤት ደግሞ ዘወትር ከዚያ ስፍራ ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥቂት መንገድ የሚሄድ ሰው ከጠፋ፥ እስከዚያ የተጓዘው መኪናና የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል። የቆሎ ተማሪ በረኃብና በውሻ መካከል ከደብር ወደ ደብር የተመላለሰው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለመስማት ነው፤ በሩቅ ሆኖ ያው ነው ቢል ኖሮ፥ ዛሬ የምንሰማው ማሕሌት ባልነበረ።

አሁንም ምክሬን በሥራ አድርጉልኝ። ከዚህ በኋላ መዝገብ ሲሰጣችሁ ከመጀመሪያው ቁጥር አትጀምሩ፤ ገጹን ገልብጣችሁ የመጨረሻውን ቤት ፈልጉ፥ በንድፉም ላይ የሌለ ቤት መኖር አለመኖሩን የአገሩን ሽማግሌ ጠይቁ፥ ኃይላችሁ ሳይደክም፥ ፀሐይም ሳትጠነክር፥ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። ከመንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ስትመለሱ ይገኛሉ፤ እነርሱን የሚያያቸው ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ገብታችሁ እዩ፥ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፥ ያላያችሁትን አላየንም በሉ፥ ከዚያም በሙሉ ልብ ፈርሙበት። ወጥታችሁ ስትገቡ እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ ቅዱስ ሩፋኤል በመንገዳችሁ ሁሉ አይለያችሁ፤ ፊርማችሁንም በሰውና በእግዚአብሔር ፊት የማያሳፍር ያድርግላችሁ፤ አሜን።